ለአሸዋ ውስጥ ኗሪዎች ብዬ የገዛሁት የካሪብሲ አሸዋ፣ ከ14 ወር በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አሸዋ ነው። ያለሁት ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ቤቴ ውስጥ 40 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ያ 36 ኢንች በ18 ኢንች የሆነው ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለው። ኮራል ብዙም የለኝም። እኔ የምወደው ታች ያሉትን ነው፣ አሸዋ ቆፍረው የሚኖሩትን፣ አሸዋ አላምጠው የሚተፉትን፣ ቀን ተቀብረው ውለው ምግብ ሲሸታቸው ብቅ የሚሉትን። ለነሱ ደግሞ አሸዋው ጌጥ አይደለም፣ ቤታቸውም ማዕዳቸውም እሱ ነው፣ እሱ ከተበላሸ የፈለገውን ያህል ውድ መብራትና ፓምፕ ብትሰቅሉ ምንም አይፈይድላቸውም።

የገዛሁት የካሪብሲ አራግ አላይቭ የሚባለውን ነው፣ እርጥቡን፣ "ሊቭ ሳንድ" (ሕይወት ያለው አሸዋ) ተብሎ በውሃው ታሽጎ የሚሸጠውን። ካሪብሲ ፍሎሪዳ ፎርት ፒርስ ያለ ኩባንያ ነው፣ እዚህ አገር ዓሣ ሱቅ የገባ ሰው ከረጢቱን ሳያየው አይቀርም። 4 ከረጢት ወሰድኩ፣ እያንዳንዱ 20 ፓውንድ፣ 3ቱ ፊጂ ፒንክ አንዱ ስፔሻል ግሬድ። ለምን እንደቀላቀልኩ እመጣበታለሁ፣ ግን መጀመሪያ ከዚህ በፊት የነበረኝን አሸዋ ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም ያንን ሳታውቁ ይሄን ለምን እንዳመሰገንኩት አይገባችሁም።

መጀመሪያ ስጀምር አንድ ሱቅ ገብቼ (ስሙ ይቅር) ሻጩን ዳይመንድ ጎቢ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ ምን አሸዋ ልውሰድ አልኩት። ዳይመንድ ጎቢ ማለት ነጭ ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋ በአፉ እየዘገነ በጉንጩ የሚያበጥር ዓሣ ነው፣ በአፉ ያስገባና አሸዋውን በስንጥቡ በኩል ያወጣዋል፣ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት አስቀርቶ ይበላል። ሻጩ ሁሉም አንድ ነው ብሎ የተፈጨ ኮራል ሰጠኝ፣ ፍሬው የሽምብራ ክክ የሚያክል። እኔም አመንኩት። ዓሣው በመጣ በማግስቱ ሊዘግን ሲሞክር አየሁት፣ አንድ ፍሬ ያነሳል፣ ይተፋል፣ ሌላ ያነሳል፣ ይተፋል። እንዴት አድርጎ ያበጥረው፣ በስንጥቡ አያልፍለትም። የሚጣልለት ምግብም በፍሬዎቹ መሀል እየሾለከ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ናይትሬት፣ ማለትም ከብስባሹ የሚመጣው የውሃ ብክለት፣ ስለካው በየሳምንቱ ከፍ ይላል። 7 ሳምንት ቆየ። ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጀርባው እንደ ምላጭ ሆኖ ሞተ።

ጥፋቱን ሁሉ በሻጩ ላይ አላደርገውም። አኳሪየሙ ገና 2 ወሩ ነበር፣ አሸዋው ጥሩ ቢሆን እንኳን ውስጡ የሚበላ ነገር አልነበረውም፣ ያንን ሳላነብ መግዛት አልነበረብኝም። ግን ያ ዓሣ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ይሄንን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዳያይ ነው።

እሺ ወደ ካሪብሲ። መጀመሪያ የማመሰግነው የፍሬው መጠን ከረጢቱ ላይ በግልጽ መጻፉን ነው። ፊጂ ፒንክ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትር፣ ስፔሻል ግሬድ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር። ይሄ ቁጥር ነው ዋናው ነገር። በጣም የላመ፣ እንደ ስኳር የሚሆን አሸዋ አለ፣ ለቆፋሪዎች ይመቻል ግን ፓምፑን ትንሽ ጠንከር ስታደርጉት ይነሳና ድንጋዩም ኮራሉም ላይ ይከመራል፣ አንዱ ጥግ መስተዋቱ እስኪታይ ይራቆታል። ሻካራው ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ነው። ፊጂ ፒንክ መሀል ላይ ነው ያለው፣ ለአበጣሪዎች የሚያልፍ ያህል የላመ፣ በመካከለኛ ፓምፕ የማይነሳ ያህል የከበደ። ቀለሙም ደስ ይላል፣ ፍጹም ነጭ አይደለም፣ ወደ ሮዝ የሚወስዱ ፍሬዎች ጣል ጣል ያሉበት ነው፣ ቆሻሻም እንደ ነጩ ቶሎ አያሳብቅበትም።

ስፔሻል ግሬዱን የጨመርኩት በኋላ ላስገባው ላሰብኩት ሽሪምፕ ብዬ ነው። ፒስቶል ሽሪምፕ የሚባለው፣ ጥፍሩን የሚያጮኸው፣ ዋሻ ይቆፍራል፣ ዋሻው ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል፣ አንድ ዓይነት የላመ አሸዋ ብቻ ከሆነ ይናዳል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ ተቀላቅሎ፣ ላዩ ላይ ሰባራ ዛጎልና ጥፍር ጥፍር የሚያክል የኮራል ስብርባሪ ሲበተን ነው ግድግዳው የሚቆመው፣ ጭቃ ቤት ሲሠራ ጭድ ሳይገባ ግድግዳው እንደማይዘው ማለት ነው።

አራጎናይት መሆኑም ሌላው ጥሩ ነገር ነው። አራጎናይት ማለት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ኮራልና ዛጎል የሚሠራበት ነገር፣ ስለዚህ ውሃው አሲድ ወደመሆን ሲያዘነብል በትንሹም ቢሆን እየሟሟ ይደግፋል። የግንባታ አሸዋ አይሆንም ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ፣ እሱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፣ ይሄን ሥራ አይሠራም፣ ፍሬውም ስል ሊሆን ይችላል፣ በጉንጩ ለሚያበጥርና ሆዱን አሸዋ ላይ አጋድሞ ለሚውል ፍጥረት እኔ አልደፍረውም።

አሁን ስንት ከረጢት ያስፈልጋል የሚለው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ለአንድ ጋሎን አንድ ፓውንድ" የሚባል አባባል አለ። በኔ 40 ጋሎን ይሄ 40 ፓውንድ ይሆናል፣ 2 ከረጢት። ቁጭ ብዬ ስሠራው ግን 40 ፓውንዱ በ36 በ18 ኢንች ላይ ሲነጠፍ የሚሰጠው ከ1 ኢንች ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፣ ከ3 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ለሚቆፍር ፍጥረት 3 ሴንቲሜትር ምንም ማለት አይደለም። የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው፣ ርዝመት በወርድ በምትፈልጉት ጥልቀት ሁሉንም በኢንች ታባዙና ለ18 ታካፍላላችሁ፣ የሚወጣው በግምት የአሸዋው ፓውንድ ነው። 36 በ18 በ2 ኢንች 1296 ይሆናል፣ ለ18 ሲካፈል 72። ለዚህ ነው 4 ከረጢት የወሰድኩት፣ 80 ፓውንድ፣ 36 ኪሎ ገደማ። ሲረጋ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ወጣልኝ፣ ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ ሆን ብዬ ወደ 8 ቆለልኩት። አፓርታማ ያላችሁ ደግሞ ክብደቱን አስቡበት፣ ውሃው፣ ድንጋዩ፣ መስተዋቱና አሸዋው ተደምሮ የኔው ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ በላይ ጥልቅ ላድርግ የምትሉ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚያነጥፉም አሉ፣ ዲፕ ሳንድ ቤድ ይሉታል። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ላይኛው አሸዋ ኦክስጅን ስላለው እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ፣ ታች ኦክስጅን በሌለበት ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ከውሃው ያስወጡታል። ግን አንዴ ከተነጠፈ ታችኛውን መነካካት አያስፈልግም፣ እዚያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊጠራቀም ይችላል፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው፣ ዓሣ ይገድላል። እኔ መሀሉን መረጥኩ፣ ለቆፋሪዎች በቂ ሆኖ ልከታተለው የምችለው።

የማንጠፉን ቀን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ አሸዋውን ሳይሆን! ድንጋዩ በቀጥታ የመስተዋቱ ወለል ላይ መቀመጥ አለበት። በመጀመሪያው አኳሪየሜ አሸዋ ላይ ነበር የደረደርኩት፣ ያኔ የነበረኝ ሽሪምፕ ከሥሩ ሲቆፍር አንድ ሌሊት ላይኛው ድንጋይ ተንዶ ቀንድ አውጣ ጨፈለቀብኝ፣ መስተዋቱን ቢያገኘው ኖሮ ሳሎኔ ባህር ነበር። አሁን ወለሉ ላይ አስቀምጬ እርስ በርሱ በማጣበቂያ አያያዝኩት።

እርጥቡ አሸዋ አይታጠብም፣ ከረጢቱን ቀደድ አድርጎ ቀስ እያሉ መገልበጥ ነው። ደረቅ ከገዛችሁ ግን እንደ ሩዝ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ባልዲ ውስጥ፣ ውሃው እስኪጠራ። አሸዋው ከተነጠፈ በኋላ ሳህን አስቀምጬ ውሃውን ሳህኑ ላይ አፈሰስኩ፣ አሸዋው እንዳይቦረቦር። የሆነው ሆኖ ውሃው ወተት ሆነ፣ ይሄ ከየትኛውም አራጎናይት ጋር የሚመጣ ነው አትደንግጡ። ከረጢቱ ጋር ማጥሪያ ፈሳሽ በትንሽ ፓኬት አብሮ አለ፣ አደረግኩበት፣ ማታ 2 ሰዓት ያነጠፍኩት በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ምንም የለም። የጨው መጠኑን በጥግግት መለኪያ 1.025፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አድርጌ ተውኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደጋግሜ እላለሁ። "ሊቭ" የሚለው ቃል አያታላችሁ። ይሄ የካሪብሲ ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ ታሽጎ የሚመጣ ሊቭ ሳንድ ሁሉ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ይጠቅማል፣ የኔ አኳሪየም አሞኒያና ናይትራይቱ ዜሮ የገባው በ3 ሳምንት ተኩል ነው፣ የመጀመሪያው 6 ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር። ግን ትሉ፣ ኮፔፖዱና አምፊፖዱ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ነፍሳት)፣ አሸዋውን እያገላበጠ ሕይወት የሚሰጠው ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ወራት አይቆይም። እሱን የምታገኙት ከሰው ነው። እኔ ሜሪላንድ ያለ አንድ ወንድም ዓመታት ከቆየ አኳሪየሙ ሁለት ኩባያ አሸዋ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ፣ ገንዘብ ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ። ያቺን ሁለት ኩባያ በአራት ቦታ ከፋፍዬ አስቀመጥኳት። ልክ እንደ እርሾ ናት፣ ትንሽ ናት ግን ሊጡን ሁሉ ትይዘዋለች። ከ3 ወር በኋላ መስተዋቱ ዳር በኩል አሸዋው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ መንገዶች ተሰምረው አየሁ፣ የትሎቹ መንገድ ነው፣ በእጅ ባትሪ ስታበሩበት ሽው ብለው ይገባሉ።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያጥራችሁ ካላችሁ የኔ ምክር፣ ሦስቱን ከረጢት ደረቅ አንዱን ብቻ እርጥብ ውሰዱና ከሚታመን ሰው አንድ ኩባያ ለምኑ። እርጥቡ ለአንዱ ከረጢት ከ40 ዶላር በላይ ነው የከፈልኩት፣ ደረቁ በግማሽ ገደማ ነበር። ከሰው ስትወስዱ ግን ዓሣዎቹ ታመው እንደነበር ጠይቁ፣ በሽታም አብሮ ይመጣል።

አሁን ኗሪዎቹ። መጀመሪያ ያስገባሁት 8 ናሳሪየስ ቀንድ አውጣ ነው። ቀኑን ሙሉ አታዩዋቸውም። አንድ ቁራጭ የቀለጠ ሽሪምፕ ጣል ስታደርጉ ግን፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ አሸዋው እዚህም እዚያም ያብጥና መጀመሪያ የምትወጣው ቀጭን ቱቦ ናት፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያሸተተች፣ ከዚያ ዛጎሉ ይከተላል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ምግቡ። የእህቴ ልጅ 5 ዓመቷ ነው፣ ስትመጣ ሌላ ነገር አትጠይቅም፣ "አጎቴ ዝሆኖቹን አስነሳቸው" ነው የምትለኝ።

ከነሱ ቀጥሎ ኮንክ የሚባለው የባህር ቀንድ አውጣ፣ አንድ ብቻ። ዓይኖቹ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ፣ የአሸዋውን ገጽ እያረሰ አልጌውን ይለቅማል፣ ለዚህ መጠን አኳሪየም አንድ ይበቃል። አሸዋ አበጣሪ ኮከብ ዓሣ ግን አትግዙ። ሱቆች ለማጽጃ ብለው ይሸጡታል፣ ግን አሸዋው ውስጥ ያለውን ነፍስ ሁሉ በልቶ ይጨርስና ራሱ በወራት ውስጥ በረሃብ ይሞታል፣ ያውም አሸዋ ሥር ሆኖ፣ ሳታዩት። በትንሽ አኳሪየም እሱን ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም።

በ5ኛው ወር ታይገር ፒስቶል ሽሪምፕና ቢጫ ዋችማን ጎቢ አብረው ገቡ። ለዚህ ነበር ሁሉ ድካሙ። ሽሪምፑ ማየት እምብዛም አይችልም፣ ጎቢው ያያል ግን እንዲህ ያለ ዋሻ መቆፈር አይችልም። ሽሪምፑ ከዋሻው አሸዋ እየገፋ ሲወጣ አንዱን ረጅም ጺሙን ከዓሣው ገላ ላይ አያነሳም፣ ዓሣው አደጋ ካየ ጭራውን ንቅንቅ ያደርጋል፣ ሽሪምፑ ወዲያው ይገባል። እማዬ ከባህር ዳር መጥታ በነበረ ጊዜ ወንበር ስባ ግማሽ ሰዓት ያህል አየቻቸው፣ ዓሣ ስታይ ያደገች ሰው ናት፣ ጣና ዳር፣ ግን እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። መጨረሻ ላይ "ልጄ፣ ይሄማ ያ ዓይነ ስውሩና አንካሳው ነው፣ አንዱ እግር ሆነው አንዱ ዓይን ሆነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን እዚያ ነበር የምትጠጣው።

የፊጂ ፒንክና የስፔሻል ግሬድ ቅልቅሉ እዚህ ነው ዋጋውን ያሳየኝ። ዋሻው ከኋላ ድንጋይ ሥር ጀምሮ ወደ ፊት መስተዋት ይመጣል፣ መስተዋቱ ላይ ስለሚያልፍ ውስጡ ይታየኛል። ሽሪምፑ ትልልቁን ፍሬ መርጦ አፉ ላይ ይደረድራል፣ የዛጎል ስባሪ አንስቶ ጣሪያ ያደርጋል፣ የላመውን ወደ ውጭ ይገፋል። 9 ወር ሆኖታል፣ በሩን ሦስት አራቴ ቀይሯል፣ ግን ዋሻው እንዳለ ሲናድ አላየሁም። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጥፍሩን ሲያጮኸው ሶፋው ላይ ሆኜ ይሰማኛል፣ ጣት እንደማጮህ ያለ ድምፅ።

የመጨረሻው በእንግሊዝኛ "yellow wrasse" (ቢጫ ራስ) የሚሉት ዓሣ ነው፣ ሃሊኮሪስ የሚባለው ዘር። ይሄ ዓሣ የሚተኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው፣ መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ቦታ መርጦ በአፍንጫው ጥልቅ ይላል፣ አለቀ፣ እስከ ጠዋት የለም። ሻካራ አሸዋ ቢሆን ገላው ይላጥ ነበር፣ ጥልቀቱ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን መግቢያ አያገኝም ነበር። አዲስ ሲገባ ለ4 ቀን ተቀብሮ ጠፍቶብኝ ነበር፣ እናንተም ብትገዙ ቆፍራችሁ አትፈልጉት፣ ይወጣል።

ቅር ያለኝ ነገር? ከረጢቱ ከባድ ነው፣ ማጓጓዣ ይወደዳል፣ እዚያው ሄዶ መግዛት ይሻላል። አንዱን ከረጢት የገዛሁበት ሱቅ (ይሄም ስሙ ይቅር) ከረጢቱን ከኋላ ፀሐይ ላይ ነበር ያስቀመጠው፣ ስከፍተው ሸተተኝ፣ መልሼ ሌላ ጋ ቀየርኩ። ስትገዙ ከረጢቱ ያልተቀደደ፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ ያልቆየ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የነበረ መሆኑን እዩ። ያ የሱቁ እንጂ የአሸዋው ጥፋት አይደለም።

አያያዙን በተመለከተ፣ እኔ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር አንድ አራተኛውን ገጽ ብቻ በቱቦ ላዩን ላዩን እስባለሁ፣ የዋሻውን አካባቢ በጭራሽ አልነካም። ናይትሬቴ ከ5 እስከ 10 መሀል ነው የሚቆየው። ዳይመንድ ጎቢ እንደገና ላምጣ ወይ እያልኩ ሳስብ ከረምኩ፣ አሁን አሸዋው ውስጡ ሕይወት አለው፣ ቢሆንም 40 ጋሎን ለሱ ይጠበዋል፣ አሸዋውን በጥቂት ወር አበጥሮ ባዶ ያደርገዋል፣ እነ ሽሪምፕንም ይረብሻል። ስለዚህ አላመጣም። 75 ጋሎን ስገዛ፣ 48 በ18 ላይ 3 ኢንች፣ ማለትም 144 ፓውንድ፣ 8 ከረጢት ፊጂ ፒንክ፣ ያኔ ከዚህኛው አኳሪየም አምስት ስድስት ኩባያ አሸዋ አዛውሬ፣ ዓመት ሙሉ አስቀምጬ ነው የማመጣው። ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቼዋለሁ፣ በአካባቢዬ ያላችሁ ደግሞ የቆየ አሸዋ አንድ ኩባያ የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በነጻ ነው።